ለልጄ፦ ስለ ምርቃና ፍቅር

ሐዋሳ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? እኔና እናትህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን። በስልክ «አባባ፣ ጫት ስቅም ለሰው ያለኝ ፍቅር ይጨምራል እንጂ አይቀንስም» ያልኸኝን ሳሰላስል ሰነበትሁ።

ዕድሜዬን በመድኃኒት ቤት የጨረስሁ ሰው ነኝና አልክድህም። በለጋው የጫት ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ ዕፅ ጋር የሚዛመድ ሲሆን፣ በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለው ኬሚካል እንዲለቀቅ ስለሚያደርግ ሰውን ያነቃዋል፣ ያጫውተዋል፣ በበርጫው ላይ ያለውንም ሁሉ ወዳጅ ያስመስልለታል። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖኑ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣልና ነው የወንዶ ገነት ጫት በኮባ ተጠቅልሎ በጥድፊያ ሐዋሳ የሚገባው።

ነገር ግን ሰውን መውደድ ሌላ፣ የሰውን ፊት ማንበብ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 በጀርመን የተቀመመው፣ ዛሬ ኤክስታሲ የሚባለው ዕፅ ሴሮቶኒንና ኦክሲቶሲን የተባሉትን የሰውነት ኬሚካሎች ስለሚጨምር የወሰደው ሰው ልቡ ለሌሎች ይከፈታል፤ በሙከራዎች ግን በሌላው ፊት ላይ ያለውን ፍርሃት ለይቶ ማወቅ ሲያዳግተው ታይቷል። (ለራስ ምታት የምንሸጠው ፓራሲታሞል እንኳ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ የኦሃዮ ጥናት፣ 1000 ሚሊግራም የወሰዱ ሰዎች የሌላውን ሕመም አቅልለው እንዲገምቱ አድርጓል። ይህን ባነበብሁ ቀን መደርደሪያው ፊት ቆሜ ቀረሁ።)

ስለ ጫቱ ግን የራሴን ልንገርህ። የ7 ዓመት ልጅ ሳለህ፣ ገረባው ወለሉ ላይ እንደ ተበተነ፣ ማሰሪያው የተበጠሰ ሰንደል ጫማህን ይዘህ በሩ ላይ ቆምህ። መርቅኜ ነበርና አቅፌ ሳምሁህ፤ አዲስ ጫማ፣ ብስክሌትም ጭምር እንደምገዛልህ ቃል ገባሁ። ከትምህርት ቤት በባዶ እግርህ መምጣትህን፣ አውራ ጣትህ መድማቱን፣ ዓይንህም በልቅሶ ማበጡን ያየችው እናትህ ናት። ዱካክ ሲጫነኝ አድሬ በማግሥቱ «ጫማዬስ?» ብትለኝ ጮኽሁብህ። የጨብሲውን ነገር አላነሣውም።

እህትህ ባለፈው ዓርብ ማታ ስትደውልልህ የኮሌጅ ክፍያዋን እንደምትሸፍንላት እየሳቅህ ደጋግመህ ነግረሃታል። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ አገኘኋት፤ የደወለችው ስለ ክፍያ እንዳልነበረ ብቻ ነገረችኝ። ነገ ጠዋት፣ በርጫ ሳትቀመጥ፣ ደውልላት።

አባትህ