«ጫካ ውስጥ ምን ልትሠሩ ነው?»

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ አንድ ጥያቄ ነው። ባለፈው ወር ከእህቴ ልጅ ጋር አንድ የሕዝብ ደን በር ላይ ደረስን። ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ነው። ትንሽዬ ቦርሳ አዝላ፣ የውሃ ኮዳና ማጉያ መነጽር ይዛ ነበር። ጥበቃው ከላይ እስከ ታች አየንና «ጫካ ውስጥ ምን ልትሠሩ ነው?» አለን። «ልንንሸራሸር» አልኩት። «ለሽርሽር ስንት ቦታ እያለ? አይቻልም፣ ተመለሱ» አለን። ሰውየው ክፉ አልነበረም። የታዘዘውን ነው የፈጸመው። ጥያቄው ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ጉዳዩን ያነሳሁባቸው ብዙ ሰዎችም ከጥበቃው ጎን ቆሙ። ደን የሚተርፈው ሰው ሲርቀው ነው ይላሉ። ሰው ከገባ ይቆርጣል፣ እሳት ይለኩሳል፣ ቆሻሻ ይጥላል። ስጋታቸው ይገባኛል። የተሰባበረ ጠርሙስ የሞላበት ምንጭ ዳር ቆሜ አንጀቴ አርሯል። በሩን መዝጋት ግን መፍትሔ አይመስለኝም። ማንም የማይገባበት ደን ሲመነጠርም የሚያይ የለም። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል። አንድ ቀን እንኳ ጥላው ሥር ያልተቀመጠ ሰው፣ ደኑ ሲጠፋ ምን እንደጎደለበት በምን ያውቃል?

ናይሮቢ ከተማ ውስጥ ያለውን የካሩራ ደን እንውሰድ። ወደ 1,000 ሄክታር የሚሆን የሕዝብ ደን ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ መሬቱ እየተሸነሸነ ለግል ግንባታ ይሰጥ ነበር። ኬንያዊቷ የአካባቢ ተቆርቋሪ ፕሮፌሰር ዋንጋሪ ማታይና አብረዋቸው የነበሩ ሰዎች እ.ኤ.አ. በጥር 1999 ችግኝ ሊተክሉ ሄዱ። ጭንቅላታቸው እስኪደማ ተደበደቡ። ቢሆንም አልተውትም፣ ደኑም ተረፈ። ማታይም እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኙ። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ደኑ ከተረፈም በኋላ ሰው ለመግባት ይፈራ ነበር። የዘራፊ መደበቂያ ነው ተብሎ ስሙ ጠፍቷል። ከዚያ የአካባቢው ነዋሪና የደን አስተዳደሩ ተባብረው አጥር አጠሩ፣ ጠባቂ አቆሙ፣ የእግር መንገድ አወጡ፣ በሩንም ከፈቱ። ዛሬ በየሳምንቱ መጨረሻ ሯጩ፣ ብስክሌት ነጂው፣ ልጅ ያዘለው ሁሉ እዚያ ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። የካሩራ ባለቤት አሁን በየቀኑ በእግሩ እየዞረ ይጠብቀዋል።

ክፍት ማለት ልቅ ማለት እንዳልሆነ ደግሞ ኖርዌይን ማየት ነው። እዚያ ማንም ሰው ባልታረሰና ባልተገነባበት መሬት ላይ በእግሩ እንዲሄድ የሚፈቅድ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1957 ወጥቷል። መሬቱ የግል ቢሆን እንኳ ይቻላል። ድንኳን መትከልም ይቻላል፣ ግን ሰው ከሚኖርበት ቤት ቢያንስ 150 ሜትር ርቆ ነው። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ባለው ጊዜ ደግሞ ጫካ ውስጥ እሳት ማንደድ በጥቅሉ ክልክል ነው። መብቱና ግዴታው አብረው ይሄዳሉ። ልጆቹ ሁለቱንም ይዘው ያድጋሉ።

እንግሊዞች በእግር የመንሸራሸር መብትን ያገኙት ታግለው ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1932 ብዙዎቹ የፋብሪካ ወዛደሮች የሆኑ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ኪንደር ስካውት የሚባል ተራራ ላይ ያለ ፈቃድ ወጡ። ቦታው ለባለርስቶች አደን የተከለለ ነበር። አምስቱ ታሰሩ። ያ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1951 የአገሪቱ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ሰዎቹ እስር ድረስ የሄዱት በእረፍት ቀናቸው ንጹሕ አየር ለመሳብ ብለው ነው።

ስለ ጤና ረጅም ነገር አልጽፍም። እንግሊዝ ውስጥ ወደ 20,000 ሰው ተጠይቆ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ግን አለ። በሳምንት ቢያንስ 120 ደቂቃ ተፈጥሮ ውስጥ የሚያሳልፉ ሰዎች ጤናቸው ደህና እንደሆነ የመናገር ዕድላቸው ከማይወጡት የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል። ደቂቃዎቹ በአንድ ቀን ይሁኑ በተለያየ ቀን ለውጥ አልነበረውም። ሁለት ሰዓት ማለት እኮ አንድ ፊልም ማለት ነው።

አሁን ወደ ጥበቃው ጥያቄ ልመለስ። ጫካ ውስጥ ምን እንሠራለን? ከዚያ በፊት ክፍት በሆነ ሌላ ደን ያየነውን ልንገራችሁ።

የወደቀ ትልቅ ግንድ አገኘንና አጠገቡ ተቀመጥን። መጀመሪያ ምንም የለም። ወፎቹ ስንመጣ ጭጭ ብለዋል። ልጅቷ «እንሂድ» ልትል አንድ ሐሙስ ነበር የቀራት። ማጉያ መነጽሩን ግንዱ ላይ ስታደርግ ግን ነገሩ ተቀየረ። ቅርፊቱ ላይ የበቀለው የዛፍ ሽበት ራሱ ትንሽ ጫካ ሆነ። ከሥሩ የሕፃን ጆሮ የመሰሉ ስስ እንጉዳዮች ተደርድረዋል። ጉንዳኖች አንዲት የሞተች ትል እየጎተቱ ይወጣሉ፣ ይወድቃሉ፣ እንደገና ይወጣሉ። ጣቷን ስትጭነው እንጨቱ እንደ እርጥብ ስፖንጅ ሰመጠ። ሸተተችውና «አፈር አፈር ይላል» አለች። አዎ፣ አፈር እየሆነ ነው። ከተሰነጠቀው መሃል ደግሞ ሁለት ቅጠል ብቻ ያላት ችግኝ ብቅ ብላለች። አሮጌው ዛፍ ወድቆም ያሳድጋል። ይህን ሳላስረዳት ራሷ አየችው።

አሥር ደቂቃ ያህል ዝም ስንል ወፎቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። አንዷ እጃችንን ብንዘረጋ የምንደርስባት ቅርንጫፍ ላይ አረፈች። ልጅቷ ትንፋሿን ያዘች። ቤት ውስጥ «ስልክ አምጡልኝ» የምትለው ልጅ እሷ ናት።

ጫካ ግን ቀልድ አይወድም። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ጉም ወርዶብኝ ዱካው ጠፍቶኛል። ስልኬ ኔትወርክ አልነበረውም። የት እንደምሄድ ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ጉሙ እስኪገፈፍ ድረስ አንዱን ቦታ ስዞረው ዋልኩ። ከዚያ ወዲህ ሳልናገር አልወጣም፣ ፊሽካም ከአንገቴ አይጠፋም። ተራራ ላይ የታወቀው የድረሱልኝ ምልክት በደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ መንፋት፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ ዝም ማለት፣ ከዚያ መድገም ነው። ልብስም መደረብ ነው፣ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር ቅዝቃዜው ወደ 6 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ከጠፋችሁ ደግሞ ባላችሁበት ቁሙ። እኔን ያደከመኝ መዞሩ ነው።

የሚዘጋ ቦታ አይኑር አላልኩም። ወፎች እንቁላል ሲታቀፉ፣ እሳት የጎዳው መሬት ሲያገግም፣ ችግኝ ገና ሥር ሲይዝ ሰው ይራቅ። ምክንያቱና የሚከፈትበት ቀን በሩ ላይ ይጻፍ እንጂ። ምክንያት ሲነገረው ሰው ይታገሳል።

ደኖቻችንን የሚያስተዳድሩ አካላት ይህን ጋዜጣ እንደሚያነቡ አውቃለሁ። የምለምናቸው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ከየደኑ አንድ የእግር መንገድ ይለይና ዛፎቹ ላይ በቀለም ምልክት ይደረግበት። በሩ ላይ ካርታና የመዝጊያ ሰዓት ይለጠፍ። እሳት ማንደድና ቆሻሻ መጣል በግልጽ ይከልከል፣ ያጠፋም ይቀጣ። ጥበቃዎቹም ከመመለስ ይልቅ መንገድ ማሳየት ይሠልጥኑ። ደኑን ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ያንን ሰው በር ላይ ብቻ ማቆም ያሳዝነኛል።

ቅዳሜ ወደዚያው በር እንመለሳለን። ልጅቷ የእንጉዳዮቹን ሥዕል በእርሳስ ሥላ ጨርሳለች፣ ለጥበቃው ልታሳየው ነው። ምን ልትሠሩ ነው ካለን መልሱን የምትሰጠው እሷ ናት።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ