ፊሽካቸውን ያልሰቀሉ መምህር

ለዝግጅት ክፍሉ፤

የምጽፈው ስለ ጡረተኛ መምህራን ነው። ጉዳዩ በተነሳ ቁጥር ወሬው የጡረታ አበል ማነስ ላይ ያልቃል። እውነት ነው፣ ያንሳል። ግን 60 ዓመት ስለሞላቸው ብቻ ያን ሁሉ እውቀት ይዘው ቤት መቀመጣቸውም ያንገበግበኛል።

እኛ ሰፈር፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አንድ ጋሼ አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሒሳብ ያስተማሩ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ቅርጫት ኳስ የዳኙ ሰው ናቸው። አሁንም ፊሽካቸው ከአንገታቸው አይጠፋም። ሜዳችን የተሰነጣጠቀ ነው፣ ቀለበቱም አንድ ብቻ፤ እሳቸው ግን ልጆቹን ሰብስበው፣ ገመድ አስይዘው፣ ቀለበቱን በቅስት የሚዞረውን የሦስት ነጥብ መስመር ከቀለበቱ ሥር 6.75 ሜትር ለክተው በኖራ አሰመሩት። ልጄ ራዲየስ ምን እንደሆነ የገባት ያን ቀን ነው። ደብተሯ ላይ ስንት ጊዜ ጽፋዋለች መሰላችሁ!

ሌላው ዳኝነታቸው ነው። ለማንም አያደሉም። የገዛ የልጅ ልጃቸውን በ5ኛው ፋውል ሲያስወጡት በዓይኔ አይቻለሁ። ልጁ አኩርፎ ሄደ፣ በማግስቱ ተመልሶ መጣ። እንዲህ ያለውን ነገር በምክር ብቻ ማስተማር ይከብዳል።

ስለዚህ ወረዳዎች ፈቃደኛ ጡረተኛ መምህራንን ይመዝግቡ። ትምህርት ቤቶችም ቅዳሜ ጠዋት ሜዳቸውንና አንድ ክፍል ይክፈቱላቸው። የትራንስፖርት ይከፈላቸው፣ ሁለት ኳስ ይገዛ። ከከተማው ዳር ባሉት የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ቢጀመር ጥሩ ነው፤ ልጆቻችን ከትምህርት በኋላ የሚውሉበት ቦታ የላቸውም።

አንድ ወላጅ፣ ከየካ አባዶ