አክስትሽ አድርባይ ያለችሽ ቀን

ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ብርዱ እንደምታውቂው ነው፤ እናትሽ በጋቢው ላይ ብርድ ልብስ ደርባ ከምድጃው አልነሣ ብላለች። ገብሱ ቢጫ መልበስ ጀምሯል።

ከፓርቲሽ ለቅቀሽ ሌላ ፓርቲ መግባትሽን በስልክ ስትነግሪኝ ዝም ያልኩት ተቆጥቼ አይደለም። አክስትሽ አጠገቤ ነበረች። ስልኩን ገና ሳልዘጋ «አድርባይ ሆነች በለኛ!» አለች። የእኛ ሰው ለዚህ ጉዳይ ስድብ አይቸግረውም፤ አድርባይ፣ ሆድ አደር፣ እስስት፣ ተገለባጭ። ሐሳቡ ተለውጦ፣ አስቦበት ፓርቲ ለለወጠ ሰው ግን አንድ እንኳን የክብር ስም አላወጣንለትም። ሌሊቱን ይህንኑ ሳሰላስል አደርኩ።

ነገሩ ሥሩ ጥልቅ ሳይሆን አይቀርም። እዚሁ ሸዋ ውስጥ፣ ሰገሌ ላይ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከልጅ ኢያሱ አባት ከንጉሥ ሚካኤል ጦር ጋር ስንተላለቅ ጥያቄው ማን ከማን ጋር ወገነ የሚል ነበር። ልክ አንድ ወር ቀደም ብሎ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ መኳንንቱን ከመሐላቸው የፈቱት አቡነ ማቴዎስ ነበሩ። በዚያ ዘመን ወገን ለመለወጥ ጳጳስ መሐላ መፍታት ነበረበት፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ጠመንጃው ይናገራል። የምርጫ ኮሮጆ የተፈለገው ሰው ያለ ጳጳስና ያለ ጠመንጃ ሐሳቡን እንዲለውጥ ነው። አክስትሽ ግን ዛሬም ሰገሌ ላይ ናት።

አሁን ደግሞ የራሴን ልንገርሽ፤ እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም። አስተማሪ ሳለሁ አንድ ከሰዓት በኋላ የአባልነት ቅጽ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ዞረ። የየትኛው ፓርቲ እንደነበር መጻፉ አሁን አይጠቅምም። ፕሮግራሙን አላነበብኩም። ከእኔ በፊት የፈረሙትን ስም አነበብኩና ፈረምኩ። «እንደ ንጉሡ አጎንብሱ» ብለው ያሳደጉኝ ልጅ ነበርኩ፣ አጎነበስኩ። መዋጮው በየወሩ ከደመወዜ ይቆረጣል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ልውጣ ብዬ ስጠይቅ ማንም አልተቆጣኝም። ስጠባበቀው የነበረው የርእሰ መምህርነት ቦታ ብቻ ለሌላ ተሰጠ፣ ምክንያቱንም የነገረኝ የለም። አንቺ ያኔ አራተኛ ክፍል ነበርሽ፤ ዩኒፎርምሽን በዱቤ የገዛነው በዚያ ዓመት ነው።

ስለዚህ የአንድ አገር ዴሞክራሲ ጤና ሲነሣ እኔ የማየው የፓርቲውን ብዛት አይደለም። አንድ ተራ አባል ደብዳቤ ጽፎ ቢወጣ በማግስቱ ሥራው፣ የቀበሌ ጉዳዩ፣ የልጁ እንጀራ እንደነበረ ይቆያል ወይ? የእድራችን ሰዎች ፓርቲ ለወጥኩ ብል አይቀይሙኝም፣ ብሞት ድንኳን ይጥሉልኛል። ቢሮው ከእድር ማነሱ ነው የሚያሳፍረው።

ደግሞ እኛ አገር ሰው ፓርቲ ከሚለውጥ ፓርቲው ሰውን ይለውጠዋል። የኢሕአዴግ የአማራ ክንፍ የነበረው ብአዴን በ2011 ዓ.ም. አዴፓ ተባለ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የኢሕአዴግ አባል ድርጅቶች ከሕወሓት በስተቀር ተዋሕደው ብልጽግና ሆኑ። አንድ ተራ አባል ከወንበሩ ሳይነሣ በዓመት ከምናምን ውስጥ ሦስት ስም ያለው ሰው ሆነ ማለት ነው። እሱን ማንም ተገለባጭ አላለውም። አንቺ ግን ብቻሽን፣ በእግርሽ ስለሄድሽ ተሰደብሽ።

ሕገ መንግሥቱ እንኳን በዚህ ላይ ከአክስትሽ ይሻላል። አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባላት ተገዢነታቸው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ብቻ ነው ይላል፤ ፓርቲ የሚል ቃል የለበትም። መራጩ አመኔታ ካጣ ደግሞ አባሉን ሊያስወግደው እንደሚችል ያክልበታል። ጽሑፉ መልካም ነው። ይሁንና በ2002 ዓ.ም. ከ547ቱ ወንበሮች 545ቱ፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ሁሉም በኢሕአዴግና በአጋሮቹ ሲያዙ፣ ኅሊናው የቆረቆረው አንድ እንደራሴ ልሻገር ቢል ወዴት ይሻገራል? ማዶው ባዶ ነበር።

በሌላው አገርም ነገሩ ንጹሕ አይደለም። ቸርችል በ1904 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከወግ አጥባቂዎቹ ወደ ሊበራሎቹ ተሻገረ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ፤ እንግሊዝ አልፈረሰችም። ሕንድ ግን እንደራሴዎቿ ፓርቲን እንደ ሸሚዝ ቢለዋውጡባት በዚያው አቆጣጠር በ1985 ፓርቲውን የከዳ አባል ወንበሩን የሚያጣበት ሕግ አወጣች። ለእኔ ሁለቱም ይገባኛል። በሕዝብ ድምፅ የተያዘ ወንበር ይዞ መሻገር የመራጩን ዕቃ ይዞ እንደ መሄድ ነው። አንቺ ግን የሰው ወንበር አልያዝሽም፤ የያዝሽው የራስሽን ፊርማ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኛል። አዲሱ ፓርቲ ቦታ ሰጥቶሻል ወይስ ቦታ አስለቅቆሻል? ደመወዝሽ ከፍ ብሎ ከሆነ አክስትሽን ዝም ለማሰኘት ይከብደኛል፤ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የምትል ሴት ናት። ያጣሽው ነገር ካለ ጻፊልኝ። ለቀድሞዎቹ ጓደኞችሽስ የወጣሽበትን ምክንያት ፊት ለፊት ነግረሻቸዋል? እኔ ስወጣ «በግል ምክንያት» ብዬ ነው የጻፍኩት። እስከ ዛሬ የማፍረው በእሷ መስመር ነው።

የመልቀቂያ ደብዳቤሽን ግልባጭ ሰው ሲመጣ ላኪልኝ። እሑድ አክስትሽ ለቡና ስትመጣ፣ ሦስተኛው ሳይደርስ አነብላታለሁ።

አባትሽ