ደብዳቤ ለልጄ፦ ጆሮሽን ጠብቂ

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 6 ቀን 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እናትሽ ለልደትሽ የምትልክልሽን በርበሬና ሽሮ አሰናድታለች፤ የዘጌ ቡናም ጨምራበታለች፤ ቅዳሜ በሚመጣው ሰው እጅ ይደርስሻል። ሃያ ሦስተኛ ዓመትሽን እንኳን አደረሰሽ ብዬ ልጽፍልሽ ተቀምጬ ሳለሁ አክስትሽ ደወለች፤ ከዚያ ወዲህ ይህ ደብዳቤ የእንኳን አደረሰሽ ብቻ መሆኑ ቀረ።

አክስትሽ የነገረችኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የጊታርሽን ድምፅ የሚለውጥ ሦስተኛ ፔዳል በብድር መግዛትሽ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ጊታር ከምትጫወቺበት ከምሽት ሥራሽ ስትመለሺ ጆሮሽ ጭው እያለ እንደሚያድር፣ ከወጥ ቤት ስትጠራሽም ሁለት ሦስት ጊዜ ካልደገመች እንደማትሰሚያት ነው። ወደ ብድሩ በኋላ እመለሳለሁ። ጆሮሽን ግን ጠብቂ። ይህን ቃል እዚህ ወረቀት ላይ ደጋግመሽ ታገኚዋለሽ፤ አትሰልቺው።

ምን ፍለጋ እንደምትደክሚ አውቃለሁ። ባለፈው ክረምት ጣና ዳር ተቀምጠን ብሉዝ የሚባለውን የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ይጫወት የነበረውን የስቲቪ ሬይ ቮንን ጊታር በስልክሽ ስታሰሚኝ ፊትሽ እንዴት እንደበራ አልረሳሁትም። ያን ወፍራም ድምፅ አገኛለሁ ብለሽ እርሱ ያደርግ እንደነበረው 0.013 ኢንች ውፍረት ያለው የመጀመሪያ ክር ወጠርሽ፤ የጣቶችሽንም ጫፍ ልጠሽ መጣሽ፤ እናትሽም አይታ አለቀሰች። ቮን ግን ያን ክር የሚወጥረው ጊታሩን በግማሽ ቃና ዝቅ አድርጎ ቃኝቶ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ የጣቱ ቆዳ ይቀደድ ነበር። ሌላው ጊታሪስት ቢሊ ጊበንስ በወጣትነቱ እንዳንቺው ወፍራም ክር ይወድ ነበር፤ ታላቁ የብሉዝ ጊታሪስት ቢ.ቢ. ኪንግ አንድ ቀን ጊታሩን ተቀብሎ ሞከረና ለምን ይህን ያህል እንደሚደክም ጠየቀው። ጊበንስ ከዚያ በኋላ እጅግ ቀጭን ክር ይዞ ሲጫወት ኖረ፤ ድምፁን ቀጭን ነው የሚለው ሰው ግን አላጋጠመኝም። ስለዚህ ነገ ጠዋት ክርሽን ወደ 0.010 ለውጪ። አዲሱን ክር ከወጠርሽ በኋላ በእጅሽ ሳብ ሳብ አድርገሽ ደጋግመሽ ቃኚው፤ ያለዚያ መድረክ ላይ ይወርድብሻል።

ድምፅ የሚጀምረው ከእጅ ነው፤ ይህን የምልሽ በመሣሪያ ፍቅር ብዙ ዓመት አባክኜ ነው። ያንኑ ክር ከብሪጁ፣ በጊታሩ ሆድ ላይ ክሩ ከሚያርፍበት ድልድይ፣ አጠገብ ስትመቺው ስል ይሆናል፤ ወደ አንገቱ ቀረብ ብለሽ ስትመቺው ክብ ይሆናል። የብሉዝ ተጫዋቹ አልበርት ኪንግ ግራኝ ስለነበረ ለቀኝ እጅ የተወጠረውን ጊታር ገልብጦ ይዞ፣ ሌላው ወደ ላይ የሚገፋውን ቀጭን ክር እርሱ ወደ ታች ይጎትተው ነበር፤ በፒክ፣ በክር መምቻው፣ ፈንታም በአውራ ጣቱ ይመታ ነበር። ያ ሲቃ የመሰለ አወጣጡ ከዚህ የመጣ ነው፤ ቮንም ያን ለመምሰል ዕድሜውን ሰጥቷል። ቢ.ቢ. ኪንግ ደግሞ የእናቱ ዘመድ ቡካ ኋይት በክሩ ላይ ብረት እያንሸራተተ የሚያወጣውን ድምፅ ፈልጎ አቃተው፤ ባቃተው ጊዜ አንጓውን እያርገበገበ ክሩን ማንቀጥቀጥ ያዘ፤ ዛሬ በአንዲት ኖታ የምናውቀው በዚያ ነው። አንቺም የግራ እጅሽ ትንሿ ጣት ደካማ መሆኗን እንደ ጉድለት ብቻ አትይው፤ ምን እንድታደርጊ እንደሚያስገድድሽ አስተውይ።

አሁን ወደ አምፕሊፋየሩ፣ ወደ ድምፅ ማጉያው፣ ልምጣ። በመስታወት ቱቦ የሚሠራው የቫልቭ አምፕ ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ የሞገዱን ጫፍ በድንገት አይቆርጠውም፤ ቀስ እያለ ያጎብጠዋል፤ ከዋናው ድምፅ ጋርም ሌሎች ተጓዳኝ ድምፆች ይወጣሉ። ሞቅ ያለ የምንለው ያ ነው። በለስላሳው ስትነኪው ጥርት ብሎ፣ ጠንከር አድርገሽ ስትመቺው እያጉረመረመ የሚመልስልሽም ለዚህ ነው። እንግሊዛዊው ጊታሪስት ኤሪክ ክላፕተን በ1966 እ.ኤ.አ. ከጆን ሜዮል ቡድን ጋር ሲቀዳ፣ ሌስ ፖል ጊታሩን ከማርሻል አምፕ ጋር አገናኝቶ ስቱዲዮ ውስጥ እንደ መድረክ ከፍ አድርጎ ካልተጫወትሁ ያለው ያን ጉርምርምታ ፈልጎ ነው። ድምፁን ሁላችንም ወደድነው። ያው ክላፕተን ግን በ2018 እ.ኤ.አ. መስማቱ እየደከመና ጆሮው እየጮኸ መሆኑን በሬዲዮ ተናገረ፤ ጊታሪስቶቹ ፒት ታውንሸንድና ጄፍ ቤክም ይኸው ደርሶባቸዋል። ልጄ፣ ጆሮሽን ጠብቂ።

ቁጥሩን ልንገርሽ፤ አንቺ ቁጥር ታምኛለሽ። የድምፅ ጉልበት የሚለካው በዴሲቤል ነው፤ 85 ዴሲቤል ያለ ድምፅ ለ8 ሰዓት ይቻላል ይባላል፤ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚቻልበት ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀርሻል። የአንድ ምሽት ሥራሽ ስንት ደቂቃ ነው? በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ጥቃቅን የመስሚያ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። መጀመሪያ የሚሄደውም ከ3000 እስከ 6000 ኸርዝ አካባቢ ያለው ቀጭን ድምፅ ነው፤ የጊታር ስለትና የክሩ ንክኪ የሚሰማው በዚያ ሠፈር ነው። እርሱን ያጣ ተጫዋች ድምፁ የደነዘዘ ይመስለውና የትሬብሉን፣ የቀጭኑን ድምፅ፣ ቁልፍ ይጨምራል፤ ሰሚው ጆሮውን እየያዘ ይወጣል፤ ተጫዋቹ ግን ገና አልበቃኝም ይላል። እኔ እንዲያ ነበርሁ።

የዛሬ ሠላሳ አራት ዓመት በቀበሌው ኪነት ቡድን ውስጥ ጊታር የምጫወተው እኔ መሆኔን ታውቂያለሽ፤ ፎቶግራፉም ሳሎን ተሰቅሏል። በፎቶግራፉ ላይ በግራዬ የቆመው ጥቁር ሣጥን ስፒከሩ ነው። ዘፋኙም ጊታሩም በእርሱ ይወጣ ነበር፤ እኔም ጓደኞቼ እንዲሰሙኝ ብዬ ሁልጊዜ ከአጠገቡ እቆም ነበር። በ1978 ዓ.ም. ለጥምቀት አያትሽ ማሲንቆውን ይዞ እቤታችን አደረ፤ ከጎረቤት ቴፕ ተውሰንም ቀዳነው። እንዴት ይጫወት እንደነበር ልንገርሽ። ስንኙን ይልና ደጋኑን ከጭራው ላይ ያነሣል። ወዲያው አይመልስም። ሰዉ ቃሉን እስኪያጣጥመው፣ አንዱ «እሰይ!» እስኪል ይጠብቃል፤ ከዚያ ማሲንቆው ያንኑ ስንኝ በራሱ አንደበት ይደግመዋል፣ አንዳንዴም ይከራከረዋል። ማሲንቆ ጣት የሚያርፍበት ፍሬት የለውም፤ ጣቱ ጭራውን ከጎን ስለሚነካው ድምፁ ከአንዱ ወደ ሌላው ተንሸራትቶ ይደርሳል። አንቺ ክሩን ገፋ አድርገሽ በቅኝቱ ትንሹና ትልቁ ሦስተኛ ድምፅ መካከል የምታቆሚያት የብሉዝ ኖታ ከዚህ ሩቅ አይደለችም። አምስቱ የትዝታ ሜጀር ድምፆችም፣ አምስቱ የባቲ ማይነር ድምፆችም ብሉዝ ተጫዋቾች ሌት ተቀን የሚመላለሱባቸው ናቸው። የብሉዙ 12 ባር እኮ ሦስት ስንኝ ነው፤ ባር ማለት አራት ምት ያለው የዜማ ክፍል ነው፤ በእያንዳንዱ ስንኝ ድምፃዊው ሁለት ባር ያህል ይዘፍናል፣ የቀረውን ሁለት ባር ለመሣሪያው ይተወዋል። ቢ.ቢ. ኪንግ ሲዘፍን ጊታሩ ዝም ይል ነበር፤ ጊታሩ ሲናገር እርሱ ዝም ይል ነበር።

በኋለኛው ዓመት አዲስ ሶሎ ለማውጣት ስሠራ ራሴን ልስማው ብዬ ባዶ ካሴት አጣሁ፤ የአያትሽን ካሴት አነሣሁና በላዩ ቀዳሁ። አያትሽ ካሴቱን አጫውተኝ ሲለኝ ቴፑ ተበላሽቷል አልሁት። በ1981 ዓ.ም. ዐረፈ። ይህን ለእናትሽ እንኳ የነገርኋት ከተጋባን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በዚያ ካሴት ላይ የእኔ ጊታር አርባ ደቂቃ ያህል ያለ ዕረፍት ይሮጣል፤ አንድም ቦታ ትንፋሽ አልተወሁም። ካሴቱ ሊያልቅ ሲል የእኔ ይቆምና ከአንድ ደቂቃ ያነሰ የአያትሽ ማሲንቆ ይቀራል።

ወደ ሥራ እንመለስ። የብድሩን ገንዘብ ለአክስትሽ ልኬያለሁ፤ ሰኞ ሄደሽ ክፈዪ፤ ሁለቱን ፔዳሎችም ለሚፈልጋቸው ሽጪ። አረንጓዴዋን ቲዩብ ስክሪመር ያዢ፤ እርሷ ወፍራሙን የታች ድምፅ ቀንሳ መካከለኛውን ስለምታወጣው ከቤዙና ከከበሮው መካከል ሳትጮኺ ጊታርሽ ይሰማል። የጊታርሽን የቮልዩም ቁልፍ ወደ ሰባት አውርደሽ ተጫወቺ፤ አሥር የሚያስፈልግሽ ለሶሎ ነው። አምፑን ከእግርሽ ሥር አታስቀምጪው፤ ስሉ ድምፅ ከስፒከሩ እንደ ባትሪ ብርሃን ፊት ለፊት ስለሚሄድ ጉልበትሽ ይሰማዋል እንጂ ጆሮሽ አይሰማውም፤ ያን ጊዜ ትጨምሪያለሽ። ወንበር ላይ አውጪውና ወደ ፊትሽ ቀና አድርጊው። 50 ዋት ከ5 ዋት በ10 ዴሲቤል ነው የሚበልጠው፤ ለጆሮ እጥፍ ቢመስል ነው፤ ስለዚህ ለዚያች ጠባብ ቤት ትንሹ አምፕ ይበቃል። ለሙዚቀኛ የተሠራ የጆሮ መድፈኛ ግዢ፤ ጥጥ አይበቃም። ሐኪም ዘንድ ሄደሽ መስማትሽን አስለኪ፤ ወረቀቱንም ላኪልኝ። ካልሄድሽ እኔው ራሴ አውቶቡስ ተሳፍሬ እመጣለሁ፤ እንደማደርገው ታውቂኛለሽ። ጆሮሽን ጠብቂ።

ከሽሮው ጋር ካሴቱን በላስቲክ ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ። አክስትሽ ቤት ያለውን ቴፕ ጭንቅላቱን በአልኮል ሳትጠርጊ እንዳታስገቢው። ሁለተኛውን ገጽ እስከ መጨረሻው አስኪጂው፤ ሌሊት፣ ቤቱ ጸጥ ሲል ስሚው። አያትሽ የመጨረሻውን ስንኝ ብሎ ደጋኑን ሲያነሣ ጭራው ከጭራ ሲላቀቅ ቀጭን ድምፅ ነበረው፤ ከዚያ በኋላ ማሲንቆው ምን ብሎ እንደመለሰለት የላይኛውን ድምፅ እኔ ዛሬ በሁለቱም ጆሮዬ ለይቼ አልሰማውም። አንቺ ከሰማሽው በጊታርሽ አውጪውና ጻፊልኝ።

አባትሽ