ለቅዳሜው የሸናንዶዋ አዳር፦ ምግብ ድንኳን ውስጥ አይግባ

ውድ አባላት፣

የምናድርበት፣ አሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት ያለው የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ የጥቁር ድብ አገር ነው። ብዙዎቻችን ያደግነው ጅብ እንጂ ድብ በሌለበት ስለሆነ አንድ አደራ አለኝ፦ ምግብ። የወጡ ድስት፣ ቆሎው፣ የልጆች ብስኩት፣ የጥርስ ሳሙና ሳይቀር መኪና ውስጥ ተቆልፎ ይደር። ድብ ከሩቅ ያሸታል፤ የሰው ምግብ ከለመደ ደግሞ መጨረሻው መገደል ሊሆን ይችላል፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ካያችሁት አትሩጡ፤ ዛፍ ላይም አትውጡ፣ እሱ ይበልጣችኋል። ልጆችን ይዛችሁ፣ ጮክ ብላችሁ እያወራችሁ፣ ጀርባ ሳትሰጡ ቀስ ብላችሁ ወደኋላ አፈግፍጉ። ግልገል ካያችሁ እናቲቱ ቅርብ ናት። ጥቁር ድብ ካጠቃ የሞተ መምሰል አያድንም፤ በድንጋይም በዱላም ታገሉት።

ማታ ያለ ባትሪ ከድንኳን እንዳትወጡ።