ሰው የሚታደንባቸው ፊልሞች በ2000 አልተጀመሩም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰው እንደ አውሬ ስለሚታደንባቸው ፊልሞች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛ ጊዜ ያነበብኩት ዓይኔ አሳስቶኝ እንዳይሆን ብዬ ነበር፤ አላሳሳተኝም። ጸሐፊያችሁ ይህ የፊልም ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2000 በጃፓኑ «ባትል ሮያል» ተጀመረ ብለዋል።

«ዘ ሞስት ዴንጀረስ ጌም» የወጣው በ1932 ነው፤ መነሻው የሪቻርድ ኮኔል አጭር ልቦለድ ደግሞ በ1924 ታትሟል። ጣሊያኖች በ1965፣ አውስትራሊያውያን በ1982 የየራሳቸውን ሠርተዋል። 68 ዓመት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠፋ! ይህን ሁሉ ያላየ ሰው ስለ እኛ ስለ ተመልካቾቹ ሊፈርድ ምን ድፍረት ሰጠው?

ነገሩ የዓመተ ምሕረት ስሕተት ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ ነበር። ጸሐፊው ግን ከዚያ ተነስተው ደም ማየት የሚያረካን ሰዎች አደረጉን። ጽሑፉን ያነበበች ታናሽ እህቴ «አንተን ነው እኮ የሚሉት» ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ እነዚህን ፊልሞች ፈልጌ ያየሁት ለዚህ ነው?

የ1932ቱን አይተውት ቢሆን እንዲህ ባልጻፉ። መርከብ ላይ አንድ ስመ ጥር አዳኝ ተቀምጧል። በነብሩ ቦታ አንተ ብትሆን ኖሮ አደኑ እንዲህ ይጥምህ ነበር ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ዓለም አዳኝና ታዳኝ ናት፣ እኔ ደግነቱ አዳኝ ነኝ፣ ይህንንም የሚለውጠው ነገር የለም ይላል። ወዲያው መርከቧ ትላተማለች። ዋኝቶ የደረሰበት ደሴት ጌታ ሰው አዳኝ ነው። ያ በራሱ የተማመነ ሰው ረግረግ ለረግረግ እየሮጠ፣ ያሳደዳቸው እንስሳት ምን ይሰማቸው እንደነበር አሁን እንደገባው ሲናገር ደጋግሜ አይቻለሁ። አንድም ቀን ከአዳኙ ጋር ሆኜ አላውቅም።

እርግጥ ነው፣ ደምን ለገበያ ብቻ የሚረጩም አሉ። የአውስትራሊያው «ተርኪ ሹት» ብዙ ቦታ ላይ እንዲያ ነው፤ ቀባብቼ አላቀርበውም። ቢሆንም እዚያም የሚታደኑት መንግሥት ለእርማት ብሎ ካምፕ ያጎራቸው እስረኞች ናቸው፤ አዳኞቹም የካምፑ አለቃና እንግዶቹ።

ጸሐፊው የሚያውቁትን የጃፓኑን ፊልም እንኳ አልመረመሩትም። ዳይሬክተሩ ኪንጂ ፉካሳኩ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ15 ዓመቱ፣ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። ፋብሪካው ሲደበደብ የሞቱትን ልጆች አስከሬን ያነሱት የተረፉት ልጆች ነበሩ። አዋቂዎች 42 ተማሪዎችን እርስ በርስ እንዲጋደሉ የሚያስገድዱበትን ፊልም የሠራው ይህ ሰው ነው። ደም ስላማረው ነው የሠራው ትሉኛላችሁ?

ባለፈው ዓመት ስለ ሌላ ስሕተት ጽፌ መልስ አላገኘሁም። አሁን የምጠይቀው ዓመቱ እንዲታረም፣ ስለ ተመልካቾች የተጻፈውም አንቀጽ እንዲነሳ ነው። እርማቱ ጽሑፉ በወጣበት በዚያው ገጽ ይውጣልኝ፤ እህቴ እንድታነበው።

የዘወትር አንባቢያችሁ