ፈረሱ ማን ነው?

ልጄ፣

ባለፈው እሑድ ስልኩን ጆሮሽ ላይ ዘጋሁብሽ። ይቅር በይኝ።

ከመናፍስት ጋር ይገናኛሉ የሚባሉት ሻማኖች እንደሚያደርጉት ዓይንሽን በሻሽ ሸፍነሽ፣ የከበሮ ድምፅ እየሰማሽ፣ በሐሳብ ወደ ምድር ውስጥ እንደምትወርጂ ስትነግሪኝ ዝም ብዬ አዳመጥኩ። የምትገቢበት ቀዳዳ በልጅነትሽ ጎንደር ወስጄሽ ያየሽው የወርካ ሥር ነው ስትይኝም ቻልኩት። «እዚያ ጅብ አገኘሁ፣ መንገድ መራኝ» ስትይ ግን አቃተኝ። ጅብና ቡዳ አብረው ሲነሱ እየሰማሁ ያደግኩ ሰው ነኝ። «ይሄማ ጥንቆላ ነው!» ብዬ ጮህኩብሽ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። የደነገጥኩት ነገሩ ባዕድ ስለሆነብኝ አይደለም። ስለማውቀው ነው። እስከ ዛሬ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። አያቴ ባለዛር ነበሩ።

ያ ወርካ እኮ የእሳቸው ደጅ ነው። ማታ ቤቱ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ እጣን ይጨሳል፣ ቡና ይፈላል። ሰው ግጥም ብሎ ይሞላል። ጭብጨባው እየጠነከረ ሲሄድ፣ እንደ ማንም ሰው ሲያወሩ የነበሩት አያቴ ድንገት ዝም ይላሉ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፣ አንገታቸው ይዞራል፣ ያጓራሉ። ከዚያ የሚወጣው ድምፅ የእሳቸው አይደለም። የወንድ ነው። «ፈረሴ ደክማለች፣ ቡና ስጧት» ይላል። ፈረሴ የሚላቸው እሳቸውን ነው። ሲለቃቸው ላብ በላብ ሆነው ምን እንደተናገሩ እኛን ይጠይቁን ነበር።

ወደውና ፈቅደው የገቡበት አልነበረም። ሁለተኛ ልጃቸውን ከወለዱ በኋላ ታመው ብዙ ጊዜ ተኝተዋል። ጠበል ተሞከረ፣ አልሆነም። በመጨረሻ «ዛር ነው» ተባለ። ዛር ደግሞ አይባረርም ይሉ ነበር፣ ይታረቁታል እንጂ። ጨሌውን አሰሩላቸው፣ ግብሩን በየጊዜው አቀረቡ፣ ተነሱ። ከዚያ በኋላ የታመመ ሁሉ ደጃቸውን ይጠና ጀመር። ልጅ የሞተባት፣ መካን የተባለች፣ ባሏ የሚደበድባት። ባሏን ቀና ብላ ማየት የማትደፍር ሴት ዛሯ ሲሰፍርባት ፊት ለፊት ስትገስጸው በዓይኔ አይቻለሁ። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ይሰማ ነበር።

አያቴ ጾም አይገድፉም ነበር። ቢሆንም የንስሐ አባታቸው ተቀይመው ቤታቸው መምጣት አቆሙ። ይህ እስኪሞቱ ድረስ ያንገበግባቸው ነበር። እናቴ ደግሞ አዲስ አበባ ስንገባ የዛርን ነገር በቤታችን እንዳይነሳ ከለከለች። እኔም ነርስ ሆንኩና ለአያቴ ሕመም የሕክምና ስም ፈለግኩለት። ስሙን ሳገኝ የገባኝ መሰለኝ። አንቺን ስወልድ ጭራሽ ዘጋሁት። አሁን ሳስበው፣ ያፈርኩት በእሳቸው ነው፣ እሳቸው ግን በእኔ አፍረው አያውቁም።

የላክሽልኝን ጽሑፍ ሁሉ አንብቤዋለሁ፣ ከዚያም ውጭ ፈልጌ አነበብኩ። ሻማን የሚለው ቃል የመጣው ከሳይቤሪያ፣ ከኤቬንኪዎች ቋንቋ ነው። አንቺ የምትከተይውን ዘዴ ያበጀው ማይክል ሃርነር የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት ነው። በ1961 በፈረንጅ አቆጣጠር በፔሩ አማዞን ኮኒቦ ከሚባል ሕዝብ ጋር ተቀምጦ አያዋስካ የሚባለውን፣ ራእይ የሚያሳይ የዕፅ መጠጥ ጠጣ። በኋላ ከየሕዝቡ የጋራ ነው ያለውን ለቅሞ፣ መጠጡን ትቶ፣ ፈጣን የከበሮ ምት ብቻ ይዞ ለከተማ ሰው ማስተማር ጀመረ።

አንድ ነገር ግን ልቤን ያዘኝ። እዚያው ሳይቤሪያ፣ ቱቫና ያኩት አገር፣ ሻማኑ ከበሮውን ፈረሴ ይለዋል። መምቻው አለንጋው ነው። ጋልቦ ይሄዳል፣ የታመመውን ሰው ነፍስ ፈልጎ ይመለሳል። በአያቴ ቤት ግን ፈረሷ ሰውየዋ ራሷ ነበረች። አንቺ ጋላቢ ነኝ ብለሽ ነው የምትወርጂው። አያቴ ተጋላቢ ነበሩ። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም ልጄ። እዚያ ታች ያገኘሽው ነገር አንቺ ሳትጠሪው መምጣት ቢጀምር ምን ታደርጊያለሽ? አያቴ ዙሪያቸውን መንደር ነበራቸው። ሲወድቁ የሚይዝ፣ ሲነቁ ውሃ የሚሰጥ፣ ዛሩን አባብሎ የሚሸኝ ሰው ነበር። አንቺ አፓርታማሽ ውስጥ ማዳመጫ ጆሮሽ ላይ አድርገሽ ብቻሽን ነሽ።

ከቱቫ ሰዎች አንዱን ወደድኩት፣ ሞንጉሽ ኬኒን-ሎፕሳንን። እንደ እኔ አያቱ ሻማን ነበሩ። በፈረንጆቹ 1930ዎቹ ሶቪየቶች የሚደግፉት የቱቫ መንግሥት ሻማኖችን ሲያስር፣ ከበሮአቸውን ሲነጥቅ፣ ነገሩ ሁሉ ሊጠፋ ነበር። እሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ የሻማኖቹን ዜማ ሲሰበስብ ኖረ። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጀመሪያ የእምነት ነፃነት ሲመጣ ዱንጉር የሚባል የሻማኖች ማኅበር መሠረተ። ዱንጉር ከበሮ ማለት ነው። እኔ የአያቴን አንዲት ዜማ እንኳ አልጻፍኩም። የጎንደርን ዛር በ1932 በፈረንጅ አቆጣጠር ቁጭ ብሎ የመዘገበው ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ ነው፣ መልካም አየሁ በተባለች ባለዛር ቤት። እኛ አልነበርንም።

እምነቴን ታውቂዋለሽ፣ አልቀየርም። አንቺንም ተይ ብዬ አላስርሽም፣ ትልቅ ሰው ነሽ። ግን አንድ ነገር እለምንሻለሁ፣ ይህን እንደ እናትም እንደ ነርስም ነው የምለው። በክረምት አያዋስካ የሚጠጣበት ቦታ ልሄድ ነው ብለሽኛል። አባትሽ ካረፈ ወዲህ ለድባቴ የምትወስጂው መድኃኒት በሰውነትሽ ውስጥ ሴሮቶኒን የሚባለውን፣ ስሜትን የሚነካ ንጥረ ነገር ይጨምራል። አያዋስካው ደግሞ ሴሮቶኒን የሚሰባበርበትን ኢንዛይም ያግዳል። ሁለቱ ሲገናኙ ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥ፣ የጡንቻ መገተር ያመጣሉ፣ ሊገድሉም ይችላሉ። ይህን ብለሽ ደግሞ መድኃኒቱን በራስሽ እንዳታቋርጪ። አንዳንዱ ከተቋረጠ በኋላም ለሳምንታት ሰውነት ውስጥ ይቆያል። ሐኪምሽን ሳትጠይቂ አትሂጂ። ብትቆጪኝም ግድ የለም።

ሌላም ልጠይቅሽ። ከዚያ ወርካ ሥር ስትመለሺ ለማን ይዘሽ ትመጫለሽ? አያቴ ያን ሁሉ መከራ የተሸከሙት ደጃቸው ለሚመጣ ሰው ነበር። ያንቺን አላውቅም፣ መልሱን ከአፍሽ መስማት እፈልጋለሁ።

ቅዳሜ ማታ ደውይልኝ። አልዘጋብሽም። ስለ ጅቡም ንገሪኝ፣ አሁንም አልወደድኩትም፣ ግን እሰማለሁ። የአያቴ ጨሌ ከጥሎሽ ልብሴ ጋር ሳጥኔ ውስጥ ነው። ትናንት አውጥቼ አየሁት። ክሩ ሳስቷል፣ ሦስት ፍሬ ወድቆ ከሥር አገኘሁት። ክር ገዝቻለሁ።

እናትሽ